በጣት የሚነካ ግራፍ ድረ ገጽ ላይ ለማስገባት የትኛው ፕለጊን ይሻላል?

1 · ጠብታ

ሰላም ለሁላችሁ። በፈቃደኞች የሚሠራ የአንድ የዝናብ መለኪያ ቡድን ድረ ገጽ አስተዳድራለሁ። የተሠራው ወርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። አራት ጣቢያዎች አሉን። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ወጥቶ መለኪያው ውስጥ ያደረውን ውሃ ያነባል፤ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ኤክሴል ላይ እገለብጠዋለሁ። እንዲህ እያልን የ6 ዓመት ቁጥር አጠራቅመናል።

እስካሁን ግራፉን ኤክሴል ላይ እሠራና ስክሪንሾት አንስቼ እንደ ፎቶ እለጥፈዋለሁ። በስልክ ሲከፈት ጽሑፉ ጭራሽ አይነበብም። ሰው ቁጥሩን ማየት ሲያቅተው በኢሜይል ይጠይቀናል፤ እኔም ፋይሉን ከፍቼ እየፈለግኩ እመልሳለሁ። ያን ሁሉ ጠዋት የተለቀመ ቁጥር ፎቶ ውስጥ ተቀብሮ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የምፈልገው ይህ ነው፦ ሰው ጣቱን ግራፉ ላይ ሲያሳርፍ የዚያ ወር ቁጥር ብቅ ይበልለት። አንዱን ጣቢያ ደብቆ ሌላውን ማየት ቢችል ደግሞ እሰየው። ኮድ መጻፍ አልችልም። ሁለት ፕለጊን (ወርድፕሬስ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) ሞከርኩ። አንዱ ገጹን አንቀራፈፈው። ሁለተኛው ላይ የጣቢያዎቹ የአማርኛ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ አለ። ከየት ልጀምር?

2 · ድርና ማግ

እንኳን ደህና መጡ። ፕለጊኑን ለጊዜው ይተዉትና ስለ ሰንጠረዡ እናውራ። ለብዙ ሰው ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። «ግራፉ እምቢ አለኝ» ተብዬ ስጠራ ጥፋቱን አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ሰንጠረዡ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ የዓምድ ስም ብቻ ይሁን። ከላይ ሳጥኖች አጣምረው የጻፉት ትልቅ ርዕስ ካለ ያጥፉት። የመጀመሪያው ዓምድ ወሩን ይያዝ፤ ሌሎቹ አራቱ የየጣቢያውን ልኬት። ልኬት ያለበት ሳጥን ውስጥ ከቁጥር በቀር ምንም አይግባ። «12 ሚ.ሜ» ብለው ከጻፉ ፕለጊኑ ጽሑፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሚሊሜትር መሆኑን የዓምዱ ስም ላይ ይጻፉት። «1,204» ውስጥ ያለችው ሰረዝም ጣጣ ታመጣለች፤ ሲኤስቪ (ሰንጠረዥን እንደ ተራ ጽሑፍ የሚያስቀምጥ ፋይል) ዓምድን ከዓምድ የሚለየው በዚያችው ምልክት ነውና።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምንዎት። ሳይለካ የቀረ ቀን ካለ ሳጥኑ ባዶ ይቅር። ዜሮ አይሙሉበት። ዜሮ ማለት «አልዘነበም» ማለት ነው። ባዶ ማለት «ማንም አላነበበም» ማለት ነው። በመስመር ግራፍ ላይ ባዶው መስመሩን ይቆርጠዋል። ዜሮው ግን መስመሩን ይዞት ቁልቁል ይወርዳል፤ የሚያየው ሰው ድርቅ የነበረ ይመስለዋል።

የጥያቄ ምልክቱ ምክንያት ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ «ሲኤስቪ» ብለው ብቻ ሲያስቀምጡ ፋይሉ በድሮው የፊደል ኮድ ይጻፋል። የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ሲያስቀምጡ ከዝርዝሩ ውስጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ይምረጡ። አንዴ የጥያቄ ምልክት የሆነው ፋይል ግን አይመለስም። ከዋናው ፋይል እንደ አዲስ ያውጡት።

3 · ጠብታ

«አንቺ» በሉኝ፤ እንደዚያ ይቀለኛል።

ዩቲኤፍ-8 ሠራ! ስሞቹ ሁሉ በአማርኛ ወጡ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የዜሮው ነገር ግን አስደነገጠኝ። ባዶ የነበሩትን ሳጥኖች ሁሉ ዜሮ ሞልቼባቸው ነበር፤ ያማረ መስሎኝ። ዛሬ ደብተሮቹን አውጥቼ አንድ በአንድ ማመሳከር ጀምሬያለሁ። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ብቻ እስካሁን 19 ቀን አግኝቻለሁ። ዜሮ ተብለው ለስንት ሰው በኢሜይል የላክኳቸው ናቸው።

4 · ነጭ ሰሌዳ

ጠብታ፣ ወደ ፕለጊኑ ልምጣ።

መጀመሪያ ይህን እወቂ። ግራፉን የሚስለው ፕለጊኑ ራሱ አይደለም። ከጀርባው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ግራፍ የሚስል ኮድ አለ። ፕለጊኑ ሥራው ሰንጠረዥሽን ተቀብሎ ለላይብረሪው ማቀበል ነው። ስለዚህ ፕለጊን ስትመርጪ «ከጀርባው ማን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ገጹ መንቀራፈፉ፣ ከሌላ ሰርቨር ጋር መያያዙ፣ ፈቃዱ፣ ሁሉም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ጉግል ቻርትስ ቆንጆ ነው፤ በነፃም ይሠራል። ነገር ግን ኮዱ የግድ ከጉግል ሰርቨር መውረድ አለበት። አውርደሽ በራስሽ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ በአጠቃቀም ደንቡ አይፈቀድም። ጎብኚሽ ገጹን በከፈተ ቁጥር ስልኩ ወደ ጉግልም ይሄዳል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ጉግል ግራፍን በምስል መልክ የሚያወጣ አንድ የቆየ አገልግሎት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ይቀራል» ብሎ አሳወቀ፤ በ2019 ዘጋው። ማስታወቂያውን ሳያዩ የቀሩ ሰዎች ገጻቸው ላይ ግራፉ የነበረበት ቦታ ባዶ ሆኖ አገኙት።

ቻርት ጄኤስ የተለቀቀው ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው በኤምአይቲ ፈቃድ ነው። በራስሽ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ቀለል ያለ ነው፤ ላንቺ ዓይነት ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ሃይቻርትስ በጣም ያማረ ነው፤ ለንግድ ሥራ ግን ፈቃድ መግዛት ያስፈልጋል። ዲ-ስሪ የፈለግሽውን ሁሉ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ኮድ ለሚጽፍ ሰው ነው።

ኮድ ለማይጽፍ ሰው እኔ መጀመሪያ የማሳየው ቪዥዋላይዘር የሚባለውን ፕለጊን ነው። ነፃው ቅጂ ሲኤስቪ ይቀበላል። ግራፉን ሠርተሽ ስትጨርሺ በአራት ማዕዘን ቅንፍ የታሰረ ሾርትኮድ ይሰጥሻል፤ እሱን ገጹ ላይ ትለጥፊዋለሽ። ሌላው ደብሊውፒ ዳታቴብልስ ነው። እሱ ከግራፉ ይልቅ ሰንጠረዡ ላይ ይበረታል። አንባቢዎችሽ ቁጥር መፈለግና መደርደር የሚወዱ ከሆነ እየው።

ከመጫንሽ በፊት የፕለጊኑ ገጽ ላይ መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ ተመልከቺ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዋና ዋና የወርድፕሬስ ቅጂዎች ካልተሞከረ ገጹ ራሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ያን ካየሽ አትንኪው።

5 · ሰፌድ

ይቅርታ፣ እኔ በፕለጊን አልስማማም። ለአንድ ግራፍ ብሎ ሙሉ ፕለጊን መጫን ለምን? ቻርት ጄኤስን ገጹ ላይ ጠርቶ ጥቂት መስመር ኮድ መለጠፍ ነው። ከፈለገች እኔው ጽፌ እልክላታለሁ። ኮፒ ፔስት ታድርገው፤ አለቀ።

6 · ድርና ማግ

ሰፌድ፣ ደግነትህን አከብራለሁ። ኮዱም እንደሚሠራ አውቃለሁ። ግን ይህ መንገድ ወርድፕሬስ ላይ አንድ ወጥመድ አለበት፤ እኔ ራሴ ገብቼበታለሁ።

ወርድፕሬስ ጽሑፍ ውስጥ ስክሪፕት (እንዲህ ያለ ኮድ) የማስገባት መብት የሚሰጠው ለሁሉም አይደለም። አስተዳዳሪ ሆነህ ከለጠፍከው ይቀመጣል። ነገ ግን ያ መብት የሌለው ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ገጽ ከፍቶ አንዲት የፊደል ግድፈት ያርምና «አድስ» ይላል። በዚያች ቅጽበት ወርድፕሬስ ስክሪፕቱን ያወጣዋል። ምንም መልእክት አይመጣም። ግራፉ የለም። ጸሐፊው ምን እንዳደረገ አያውቅም፤ አንተም ምን እንደጠፋ ለማወቅ ግማሽ ቀን ትፈልጋለህ። እኔ የፈለግኩት ከዚያ በላይ ነው።

የፈቃደኞች ቡድን ነው ብላናለች። ዛሬ እሷ ናት የምትሠራው፤ የዛሬ ዓመት ሌላ ሰው ይሆናል። ያ ሰው ሲኤስቪ መጫን ይችላል። ኮድ ውስጥ ገብቶ ነጠላ ሰረዝ መፈለግ ግን አይችልም። ለዚህ ነው ፕለጊን የምለው።

7 · ሰፌድ

የስክሪፕቱን ነገር አላውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ አስተዳዳሪ ሆኜ ስለምሠራ ገጥሞኝ አያውቅም። እሺ፣ ፕለጊን ይሁን።

ያው አንድ ነገር ልጨምር። 6 ዓመት በየቀኑ፣ አራት ጣቢያ፣ ከ8,700 በላይ ቁጥር ማለት ነው። ያን ሁሉ አንድ ግራፍ ላይ ጭነሽው ከሆነ የመጀመሪያው ፕለጊን ያንቀራፈፈው ለዚህ ይሆናል። የወር ድምር ሥሪ። 72 ወር በአራት ጣቢያ 288 ቁጥር ነው። የቀኑን ፋይል ለሚፈልግ ሰው ከሥር ማውረጃ ሊንክ አስቀምጪለት።

8 · ጠብታ

ሰፌድ፣ ልክ ነህ። የየቀኑን ነበር የጫንኩት። ወደ ወር ድምር ቀየርኩት፤ አሁን ገጹ ሳይንገታገት ይከፈታል።

ቪዥዋላይዘርን ጫንኩ፤ ግራፉን የሚስለው ቻርት ጄኤስ እንዲሆን መረጥኩ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ከጉግል ሺትስ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል አየሁ፤ በየወሩ ሲኤስቪ ከመጫን ያድነኛል፤ ላድርገው? ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ታብ አበጅቼ ግራፎቹን በየታቡ አስገባሁ። የመጀመሪያው ታብ ላይ ያለው ልክ ነው። ሌሎቹን ስከፍት ግራፉ ተጨማዶ ጥግ ላይ ይታያል። ስልኬን ሳዞረው ደግሞ ይስተካከላል!

9 · ነጭ ሰሌዳ

ጉግል ሺትስ ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ። ሰነዱን ለድር ስታወጪው ሊንኩ ያለው ሁሉ ያነበዋል። ሙሉ ሰነዱን ከመረጥሽ ደግሞ ውስጡ ያሉት ገጾች በሙሉ ይወጣሉ። እዚያው ፋይል ውስጥ የፈቃደኞቹን ስልክ ቁጥር የያዘ ገጽ ካለሽ እሱም ይወጣል ማለት ነው። ለግራፉ ብቻ የሚሆን ሌላ ፋይል ክፈቺ።

10 · ጠብታ

ስልክ ቁጥራቸው እዚያው ነበር! ሁለተኛው ገጽ ላይ። ገና አላወጣሁትም፤ ተመስገን። አዲስ ፋይል ከፈትኩ።

11 · ድርና ማግ

የታቡ ነገር የታወቀ ችግር ነው። ግራፉ ሲሳል ለመሳያ የተሰጠው ቦታ ስንት ስፋት እንዳለው ይለካል። የተደበቀ ታብ ስፋቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ወይ በዜሮ ይስላል ወይ በራሱ ግምት ትንሽ አድርጎ ይስላል። ስልክሽን ስታዞሪው ስክሪኑ ስለሚለወጥ እንደገና ይለካል፤ ለዚያ ነው የተስተካከለልሽ።

መፍትሔው ብዙ ነው፤ ቀላሉ ግን ታቡን መተው ነው። አራቱንም አንድ ግራፍ ላይ አድርጊ። አንባቢው ከላይ ያለውን የጣቢያ ስም ሲነካ የዚያ ጣቢያ ቁጥር እንዲደበቅ ማድረግ ይቻላል። ቻርት ጄኤስ ላይ ይህ ሳትነግሪውም የሚሠራ ነገር ነው። መጀመሪያ የጠየቅሽውም ይህንኑ ነበር።

ሌላም ሳልነግርሽ እንዳልቀር። የካሽ ፕለጊን (የገጹን ቅጂ አስቀምጦ ቶሎ የሚያቀርብ) አለሽ? አንዳንዶቹ ገጹን ለማፍጠን ሲሉ ጃቫስክሪፕቱን ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈልቁታል፤ ወይም ጎብኚው ስክሪኑን እስኪነካ ያዘገዩታል። ያኔ ግራፉ ጭራሽ አይወጣም፤ ወይም ባዶ ቦታ ሆኖ ቆይቶ ድንገት ብቅ ሲል ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል። የሚያነበው ሰው መስመሩ ይጠፋበታል። የካሽ ፕለጊኑ ቅንብር ውስጥ የሚታለፉ ፋይሎች የሚጻፉበት ቦታ አለ፤ የግራፉን ፋይል እዚያ አስገቢ። ለግራፉም ቁመቱን አስቀድመሽ ወስኚለት።

ስትሞክሪ ደግሞ ከአስተዳዳሪነት ወጥተሽ ሞክሪ። ብዙ የካሽ ፕለጊኖች ገብቶ ለሚሠራ ሰው ካሹን አያሳዩም። ላንቺ የሚሠራው ለጎብኚው ላይሠራ ይችላል።

12 · ማታ አንባቢ

እኔ ድረ ገጽ አልሠራም፤ አነባለሁ እንጂ። በስልክ ብቻ ነው የማነበው። ከአንባቢ ወገን ሁለት ነገር ልበል።

ማውስ ላለው ሰው «ጠጋ በል» ማለት ይቻላል። ጣት ግን ወይ ይነካል ወይ አይነካም። መነካት እንዳለበት ካልተነገረኝ አልነካውም። ከግራፉ በላይ «ቁጥሩን ለማየት ዓምዱን ንኩ» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ብዙ ቦታ ስንት ነገር የያዘ ግራፍ አጋጥሞኝ ፎቶ መስሎኝ አልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ እባካችሁ ጣቴን አትያዙት። ወደ ታች ልወርድ ስል ግራፉ «ልታጎላኝ ነው» ብሎ ይይዘኛል፤ ገጹ አይንቀሳቀስም። ማጉላት ካላስፈለገ ይቅር።

13 · ቀስተ ደመና

ጠብታ፣ ሊንኩን ሰጥተሽን ስለነበር ገብቼ አየሁት። ሥራችሁን ወደድኩት። ግን አንደኛውንና ሦስተኛውን ጣቢያ መለየት አልቻልኩም። ቀይና አረንጓዴ ናቸው መሰለኝ? ለእኔ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ናቸው።

ብቻዬን አይደለሁም። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች መካከል 8 ከመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለባቸው። ቀለሙን አጥፊ እያልኩ አይደለም። ከቀለሙ ጋር ሌላ መለያ ይኑር። መስመር ከሆነ አንዱ ድፍን፣ አንዱ የተቆራረጠ፣ አንዱ ነጠብጣብ ይሁን። ከተቻለ የጣቢያውን ስም መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፊው፤ ያኔ ወደ ቀለም መግለጫው መመላለስ አይኖርም። ፈዛዛ ቢጫም በነጭ ላይ አታድርጊ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የድር ተደራሽነት መመሪያ ለግራፍ መስመሮችና ዓምዶች ቢያንስ 3 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ይህን የሚለኩ ነፃ መሣሪያዎች አሉ።

ዓይነ ስውር የሆነች ጓደኛ አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብላት ፕሮግራም፣ በስክሪን ሪደር ነው የምታነበው። ቻርት ጄኤስ ካንቫስ በሚባል ነገር ላይ ነው የሚስለው፤ ያ ለስክሪን ሪደር ባዶ ሰሌዳ ነው። እሷ ገጻችሁ ላይ ስትደርስ ከአንቀጽ ወደ አንቀጽ ትዘላለች እንጂ መሃል ላይ ግራፍ እንዳለ እንኳ አታውቅም። ከግራፉ ሥር ተራ ሰንጠረዥ ካስቀመጥሽ ግን ሁሉንም ቁጥር ታነበዋለች። 288 ቁጥር ብዙ ነው ካልሽ የዓመት በዓመቱን ለይተሽ አስቀምጪው።

14 · መንገደኛ

የቀስተ ደመናን ሰንጠረዥ እኔ በሌላ ምክንያት እደግፈዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የጥናት ቡድን ገጽ ወደ 40 የሚጠጋ ግራፍ ሠርቼ ነበር። ፕለጊኑን ስሙን አልጠራም። ቁጥሮቹን ያስገባሁት በቀጥታ ፕለጊኑ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ቅጂ አላስቀመጥኩም። ሠሪዎቹ ማደስ አቆሙ። ሰርቨሩ ወደ አዲስ ፒኤችፒ (ወርድፕሬስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) ሲዛወር ፕለጊኑ ገጹን በሙሉ ጣለው። ስናጠፋው ገጹ ተመለሰ፤ ግራፍ በነበረበት ቦታ ሁሉ ግን ሾርትኮዱ ከነቅንፉ ተዘርግቶ ይታያል። ከሥሩ «ከላይ ባለው ግራፍ እንደሚታየው» የሚል ጽሑፍ አለ። ከላይ ምንም የለም። ቁጥሮቹን ከዳታቤዙ ውስጥ ለቅሜ ለማውጣት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ያልተገኙም አሉ።

ስለዚህ ጠብታ፣ ዋናው ፋይል ሁልጊዜ ያንቺ ኤክሴል ይሁን። ፕለጊኑ ቅጂ ብቻ ይያዝ። ደብተሮቹንም እንዳትጥዪ።

15 · ሰፌድ

መስመር ነው ዓምድ የሚሻለው? ማንም አላነሳውም። የወር ድምር ከሆነ ዓምድ ይመስለኛል።

16 · ነጭ ሰሌዳ

ዓምድ ነው። የአንዱ ወር ድምር ከሌላው ወር የተለየ ነገር ነው፤ በመሃላቸው የሚያገናኝ መስመር ሲሰመር በወሮቹ መካከልም ልኬት ያለ ይመስላል። የዓምዱ መነሻ ግን የግድ ከዜሮ ይሁን። ዓምድ የሚነበበው በቁመቱ ነው። ከ50 ካስጀመርሽው 60 እና 70 አንዱ የሌላው እጥፍ መስሎ ይታያል። አንዳንድ ፕለጊን መነሻውን በራሱ ይመርጣል፤ ስለዚህ ዜሮ ብለሽ ጻፊበት።

መስመር የሚያምረው ለሌላ ነገር ነው። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እየተደመረ የሚሄደውን ዝናብ ለአራቱ ጣቢያ አድርጊው። አራት መስመር ብቻ ይሆናል፤ ቀስተ ደመና ያለችውን ነጠብጣብና ጫፍ ላይ ስም መጻፍም እዚያ ላይ ይመቻል። ክብ ግራፍ ግን ለዚህ አታስቢው። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ሰው በአንድ መስመር ላይ የተደረደረን ቁመት ከማዕዘን ይልቅ አስተካክሎ እንደሚገምት አሳይተዋል።

17 · ጠብታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ሁለት ግራፍ አለ። የወር ድምሩ በዓምድ፣ ከዜሮ ተነስቶ። እየተደመረ የሚሄደው በመስመር፤ አንዱ ድፍን፣ ሁለቱ በተለያየ መንገድ የተቆራረጡ፣ አንዱ ነጠብጣብ። ቀይና አረንጓዴው ወጥቷል። ከላይ «ቁጥሩን ለማየት ዓምዱን ንኩ» ብዬ ጽፌያለሁ። ማጉላቱን አጥፍቻለሁ። ከሥር ሰንጠረዡና የየቀኑ ፋይል ማውረጃ አለ። ከአስተዳዳሪነት ወጥቼ በሁለት ስልክ ሞከርኩት።

አንድ ነገር ግን ራሴ ደረስኩበት፤ ድርና ማግ፣ ያንተን ሐሳብ እፈልጋለሁ። በመስመሩ ላይ ባዶው ይቆረጣል ብለኸኝ ነበር። በዓምዱ ላይ ግን ባዶውም ዜሮውም አንድ ናቸው። ሁለቱም ምንም አይታዩም! ደግሞ አንድ ወር ውስጥ 9 ቀን ካልተነበበ ድምሩ ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ ግራፉ ግን አይናገርም።

18 · ድርና ማግ

ይህን በማየትሽ ደስ አለኝ። አንድም ቀን ያልተነበበበት ወር ሲሆን ከግራፉ ሥር «አልተለካም» ብለሽ ወሩን ጻፊ። ጥቂት ቀን የጎደለው ከሆነ ዓምዱ ይሳል፤ ግን ፈዘዝ ባለ ቀለም። ሲነካም የጎደለው ቀን ስንት እንደሆነ ይናገር። እየተደመረ የሚሄደው መስመርም ከተቆረጠበት በኋላ እንዲቀጥል አታድርጊው፤ የጎደለውን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ይሄዳልና።

ያ የንክኪ ጽሑፍ በነፃው ቅጂ ካልተቻለሽ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሪ፤ «የተነበበ ቀን» በዪው። ከሰንጠረዡ ማንም ያነበዋል።

19 · ቀስተ ደመና

ጠብታ፣ አሁን ገብቼ አየሁት። ሦስተኛው ጣቢያ ነጠብጣቡ ነው። ለየሁት። ጓደኛዬም ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አስነበበችው፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ሦስተኛው ጣቢያ ላይ ያ 19 ቀን ለምን ባዶ ሆነ?»

20 · ጠብታ

የሚያነቡት አባት ታመው ነበር። ያን ጊዜ ሌላ ሰው አልነበረንም። በ20ኛው ቀን ራሳቸው ወጥተው አንብበዋል፤ ደብተሩ ላይ የእጅ ጽሑፋቸው እዚያ ጋ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ዛሬ ከግራፉ ሥር «አንባቢው ታመው ስለነበር አልተለካም» ብዬ ጽፌያለሁ።